የቼንሳ ክርን ማሳረፊያ

በሐሩባ መንደር ቼንሳን የማያውቅ ሰው ካለ ወይ ትናንት የተወለደ ነው፣ ወይ ከቲና የመጣ ነው። ከቲና የመጣ ደግሞ በእሷ ሒሳብ ከሰው አይቆጠርም። ቲና ከሐሩባ የምትለየው በአንድ የወይን ማሳና በአንድ የድንጋይ ካብ ብቻ ነው፤ እዚህ ያስነጠሰ ሰው ከዚያ ማዶ «ይማርህ» ይባላል። ቼንሳ ግን ቲናን ስታነሳ ከባሕር ማዶ ያለች አገር ነው የምታስመስላት።

ቁመቷ አጭር፣ ድምጿ ግን የደወል ማማ የሚያህል ሴት ነበረች። ሥራዋ ዳንቴል ነው። እንደ ጎዞ ደሴት ሴቶች ሁሉ ደጃፏ ላይ ዝቅተኛ ወንበር አውጥታ ትቀመጥና፣ ረጅሙን የገለባ ትራስ ጉልበቷ ላይ አስደግፋ፣ ክር የተጠመጠመባቸውን ትንንሽ እንጨቶች ግራና ቀኝ እየወረወረች ትውላለች። ጣቷና ምላሷ እኩል ይሠራሉ። በዚያ መንገድ የሚያልፍ ሰው አንድ ነገር ሳይባል አያልፍም።

«አንተ ካርምኑ፣ ያ ሱሪ የአባትህ አይደለም እንዴ? አባትህ ላይ ያምር ነበር!» ትላለች። ወይም፣ «ምነው ዶሎር፣ ዳቦሽ ዛሬም አረረ? ሽታው ቀድሞሽ ደረሰ እኮ።»

ሰው ግን አይቀየማትም። ቤቱ ውስጥ የታመመ ያለበት ሰው በማግስቱ በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የሚያየው ቼንሳን ነው፤ የሾርባ ድስት በሁለት እጇ ይዛ፣ በክርኗ በሩን ገፍታ፣ እየተሳደበች ትገባለች።

ያ ክርኗ ነው እንግዲህ የዚህ ታሪክ መነሻ። ዳንቴል ሠሪ ቀኝ ክርን የላትም ማለት ይቻላል። ሳምንቱን ሙሉ ሲወዛወዝ የከረመ ክንድ እሁድ ሲሆን ይጠዘጥዛል። ቅዳሴ ላይ ቼንሳ ክንዷን አንዴ ወገቧ ላይ፣ አንዴ ጉልበቷ ላይ፣ አንዴ ጎረቤቷ ጂጃ ትከሻ ላይ ስታሳርፍ ትቆይና፣ ጂጃም «እኔ ግድግዳ አይደለሁም!» ብላ ታንሾካሹክባታለች። ጂጃ ከልጅነት ጀምሮ አብራት የኖረች፣ ባዶ ቦታ እያለ እንኳ ከጎኗ ካልሆነ የማትቀመጥ፣ ግን ሁልጊዜ የምትነጫነጭ ሴት ናት።

የቼንሳ ቦታ የታወቀ ነበር። በደቡቡ ግድግዳ በኩል፣ ከቅድስት አጋታ ሥዕል ሥር። አንድ ጊዜ ከዋና ከተማው ለበዓል የመጣች እንግዳ ሳታውቅ ወንበሩ ላይ ብትቀመጥ፣ ቼንሳ አናቷ ላይ ቆማ መቁጠሪያዋን ጮክ ብላ መድገም ጀመረች። ቼንሳ የመቁጠሪያውን ሁለተኛ አሥር ፍሬ ሳትጨርስ እንግዳይቱ ተነስታ ሄደች።

ባሏ ዊስቲን ድንጋይ ጠራቢ ነበር። ቼንሳ የምታወራውን ያህል እሱ ዝም የሚል ሰው ነው፤ ሁለቱን አንድ ላይ ያየ ሰው እግዚአብሔር ቃላቱን ሲያካፍል ሚዛን ሳተ ይላል። ሲያጫት እንኳ የተናገረው የለም። አባቷ ቤት መጥቶ የፈረሰውን የጉድጓድ አፍ ጠርቦ ገጥሞ ሄደ፤ በሦስተኛው ሳምንት አባቷ «ይሄ ሰው ክፍያ አልተቀበለኝም፣ ምንድን ነው የሚፈልገው?» ብለው ሲጠይቁ ቼንሳ ቀላች፣ ነገሩም በዚያው አለቀ።

ከዓለም ጦርነቱ በኋላ፣ በወደቡ በኩል የወደቀ ቦምብ ያናወጠውን የቤተ ክርስቲያኗን የደቡብ ግድግዳ እንዲጠግኑ ከተመደቡት ጠራቢዎች አንዱ ዊስቲን ነበር። የደሴቷ ድንጋይ ማር የመሰለ ቀለም ያለው፣ ከድንጋይ ማውጫው ጉድጓድ ሲወጣ እንደ አይብ የሚቆረጥ፣ ንፋስ ሲመታው ደግሞ የሚጠነክር ነው። ጥገናው አልቆ በመጀመሪያው እሁድ ቼንሳ ቦታዋ ላይ ተቀመጠች። ወንጌል ሲነበብ ክንዷ እንደ ልማዱ ማረፊያ ፍለጋ ወደ ጎን ሄደ። አረፈም። ግድግዳው ውስጥ፣ ከወንበሯ ከፍታ ጋር ልክ በሆነ ቦታ፣ ክርን የሚያስገባ፣ ክንድ የሚያጋድም፣ ጠርዙ በአሸዋ የለሰለሰ ጎድጓዳ ነገር ነበር።

ዘወር ብላ አየች። የሐሩባ ወንዶች ቅዳሴ የሚያስቀድሱት በር ላይ ቆመው ነው፤ ግማሹ ልባቸው ውጭ ነው። ዊስቲን ከመካከላቸው ቆሞ ጣሪያውን ይመረምራል። ጣሪያ አይቶ የማያውቅ ሰው ነው የሚመስለው።

ወደ ቤት ሲሄዱ አልቻለችም። «የእግዚአብሔርን ቤት ፈለፈልከው?»

«ድንጋዩ ነው የጎደለው።»

«በእኔ ክርን ልክ ጎደለ?»

«አጋጣሚ ነው» አለ ዊስቲን፣ እርምጃውንም ፈጠን አደረገ።

ከዚያ ወዲያ ስለ ነገሩ አላወሩም። ቼንሳ ትንሽ ጥቁር ትራስ ሰፍታ ጎድጓዳው ላይ ትሰካበት ነበር፤ ለሚያያት ሰው ግድግዳው እንዳይቀዘቅዛት ያደረገችው ይመስላል። እሁድ እሁድ ክንዷን እዚያ ውስጥ ስታሳርፍ፣ ባሏ በአፉ ብሎት የማያውቀውን ሁሉ ነገር ሲላት እንደዋለ ይሰማት ነበር። ይህን ለማንም አልነገረችም። ሌላውን ሁሉ ለሁሉም ተናግራለች።

ታዲያ ቲና ጉልላት ሠራች።

የሐሩባ ሰው ሆኖ ይህን ዜና የሰማበትን ቀን የሚረሳ የለም። ማለዳ ላይ ተነስተው ወደ ማዶ ሲያዩ፣ ከቲና ቤቶች በላይ አንድ ነገር ማበጥ ጀምሯል። በየሳምንቱ ያብጣል። የሐሩባ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ በአያት በቅድመ አያት ዘመን የተሠራች፣ ዝቅ ያለች፣ ጠባብ፣ ክረምት ሲገባ የምታፈስ ናት። የአጥቢያው አለቃ አባ ሳልቭ፣ እዚያው ሐሩባ ተወልደው ያደጉ ጨዋታ አዋቂ ቄስ፣ ሕዝቡን ሰብስበው «ቅዱስ እንድርያስ ከጎረቤቱ ያነሰ ቤት ይገባዋል ወይ?» ብለው ጠየቁ። መልሱ ቲና ድረስ ተሰማ።

ከዋና ከተማው አንድ መሐንዲስ መጥቶ አሮጌዋን ቤተ ክርስቲያን መረመረ። የደቡቡን ግድግዳ በመዶሻ ጫፍ ኳ ኳ አደረገና ጆሮውን አስጠግቶ፣ «ይህ ግድግዳ ተዳክሟል። ከውስጥ አንድ ነገር በልቶታል» አለ።

ቼንሳ ዊስቲንን አየችው። ዊስቲን ጣሪያውን ያያል።

አዲሱ ቤተ ክርስቲያን ክብ እንዲሆን፣ ጉልላቱም ከቲና እንዲበልጥ ተወሰነ። ችግሩ፣ የሚሠራበት ሌላ ቦታ የለም፤ ቅዳሴም አንድ እሁድ እንኳ ሊቋረጥ አይችልም። ስለዚህ አዲሱን በአሮጌዋ ዙሪያ ሠሩት። አሮጌዋ መሃል ላይ እንዳለች፣ አዲሱ ግድግዳ በዙሪያዋ ክብ ሠርቶ ይወጣ ጀመር። እሁድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ወንድ ሴት ሳይባል ሁሉም ከክምሩ አንድ ድንጋይ ተሸክሞ ለግንበኞቹ ያደርሳል፤ የቻለ በትከሻው፣ ያልቻለ ለሁለት። ቼንሳ በእንቁላሏም በዳንቴሏም በጉልበቷም ከማንም አታንስም ነበር። ገበያ ላይ የቲና ሴቶችን ስታገኝማ፣ «ጉልላታችሁን ዛሬ ከቤቴ ሰገነት አየሁት፤ እኔ እኮ የሽንኩርት ክምር መስሎኝ!» ትላቸዋለች።

ዓመታት አለፉ። አዲሱ ግድግዳ ከፍ ባለ ቁጥር አሮጌዋ ውስጥ ብርሃን እየቀነሰ ሄደ። መጀመሪያ የመስኮቶቹ ግርጌ ጨለመ፣ ቀጥሎ ወገባቸው፣ በመጨረሻ ቀትር ላይም ሻማ ማብራት ግድ ሆነ። ደወሉ ድስት ውስጥ እንደሚደወል ሆኖ ይሰማል።

ዊስቲን አዲሱ ግድግዳ ላይ ሲሠራ ሠራና፣ ዕድሜውን ሙሉ የዋጠው የድንጋይ አቧራ ደረቱን ዘጋው። አልጋ ላይ በዋለበት ወራት ቼንሳ ስለ ሰፈሩ ሁሉንም ነገር ትነግረዋለች፣ እሱ ያዳምጣል። አንድ ከሰዓት በኋላ ድንገት፣ «አዲሱ ላይ አልደርስልሽም» አላት።

«ምኑ ላይ ነው የማትደርስልኝ?» አለች ቼንሳ፣ ጠንቅቆ ገብቷት።

ዊስቲን ጣሪያውን አየ። ከዚያ ሳምንት አላለፈም።

ከቀብሩ በኋላ ቼንሳ ለተወሰነ ጊዜ ዝም አለች፤ መንደሩ ፈራ። ጂጃ ሆን ብላ በጣም የጠበበ ቀሚስ ለብሳ በደጇ ብታልፍም አንድም ቃል አልሰማችም፤ እቤቷ ገብታ አለቀሰች። ቼንሳን ያዳናት ያ የግድግዳ ጎድጓዳ ነው። በየማለዳው እየሄደች ክርኗን እዚያ ታስገባና በልቧ ከዊስቲን ጋር ትጨዋወታለች። እሷ ታወራለች፣ እሱ ያዳምጣል። ለውጡ ያን ያህል አልነበረም። ቀስ በቀስ ምላሷ ተመለሰ፣ ጂጃም የልኳን ለበሰች።

በመጨረሻ ጉልላቱ ተዘጋ። በዚያ ክረምት የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል ሕዝቡ አሮጌዋ ውስጥ ቅዳሴ ላይ ነበር፤ ጣሪያው ግን አላፈሰሰም። ዝናቡ የሚወርደው ከላይ ሌላ ጣሪያ ላይ ነው። ሁሉም ቀና ብሎ አየና ሳቀ፣ አባ ሳልቭም ከመሠዊያው ዞር ብለው አብረው ሳቁ። ከዚያም ወደ ስብከቱ ሰገነት ወጥተው፣ «ወገኖቼ፣ ከቅዱስ እንድርያስ በዓል በኋላ አሮጌዋን ከውስጥ እያፈረስን በበሩ እናወጣታለን። ተራው ድንጋይ የአዲሱ ወለል መሙያ ይሆናል። ተሠርቶ አልቋል!» አሉ።

ሕዝቡ አጨበጨበ። ቼንሳም ከሁሉ ቀድማ አጨበጨበች። አጨብጭባ ስትጨርስ ክርኗ ወደ ቦታው ተመለሰ፤ ያኔ ነው የገባት።

ታውቅ ነበር እኮ። ማን ነው የማያውቅ? አንድ ሙሉ መንደር አሮጌዋ እንደምትፈርስ እያወቀ ነው አዲሱን የሠራው። ነገር ግን ማወቅ ሌላ፣ ክርን ሌላ። ያን ሁሉ ዓመት በየእሁዱ ተሸክማ ያቀበለችው ድንጋይ የዊስቲንን ድንጋይ ሊያስጥላት ነው። እንዲህ ያለ ሞኝነት የእኛ የሐሩባ ሰዎች ብቻ ነው።

ከዚያም የባሰ ነገር አለ። ወንበሮቹ ወጥተው ግድግዳው ሲራቆት ጎድጓዳው ይታያል። «አንድ ነገር በልቶታል» ያለው መሐንዲስ ቃል በሰው ጆሮ ውስጥ አለ። ታዲያ ሰው ምን ይላል? ዊስቲን ነው የበላው ይላል። ዕድሜውን ሙሉ ቀጥ ያለ ድንጋይ ሲያቆም የኖረ ሰው፣ ለሚስቱ ክርን ብሎ የቅዱስ እንድርያስን ቤት ያዳከመ ተብሎ ሊነሳ ነው።

አንድ ሐሙስ የድንጋይ ዱቄትና ኖራ በሾርባ ድስቷ ውስጥ ለወሰች። «የቅድስት አጋታን ፍሬም ልወልውል ነው» ብላ ድስቷን በጨርቅ ሸፍና ሄደች። ጎድጓዳውን ልትሞላው ነው፤ ማንም እንዳያየው። ትራሷን ነቀለች፣ ጭቃውን በማንኪያ ዛቀች። ግን ማንኪያውን ይዛ ቆመች፣ ቆመች፤ በመጨረሻ መልሳ ድስቱ ውስጥ ጣለችው፣ ክርኗን ቦታው ላይ አሳረፈችና ምርር ብላ አለቀሰች። እቤቷ ስትደርስ ኖራው ድስቱ ውስጥ ደርቆ ድንጋይ ሆኗል። የሐሩባን በሽተኛ ሁሉ ያጠገበ ድስት በዚያ ቀን ሞተ።

የማፍረሱ ቀን መጣ። መንደሩ በሙሉ አሮጌዋ ውስጥ ተሰበሰበ። የግንበኞቹ አለቃ ሽሙን ነው፤ ጥርበትን ከዊስቲን የተማረ፣ አሁን እሱ ራሱ ሽበት የጀመረው ሰው። ሥዕሎቹ ወረዱ፣ ሻማዎቹ ተለቀሙ። ወንበሮቹ ሊወጡ ሲሉ ቼንሳ ቀደም ብላ ሄዳ ቦታዋ ላይ ቆመች፤ ጀርባዋን ግድግዳው ላይ ለጥፋ፣ እጆቿን ወደ ኋላ አድርጋ።

ወንበሮቹ ወጡ። ሽሙን መሮውን ይዞ ወደ ደቡቡ ግድግዳ ዞረ፤ ዞሮም ቆመ። ቼንሳ ብቻ አይደለችም። ጂጃ ከጎኗ ጀርባዋን ለጥፋለች። ከጂጃ ቀጥሎ የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ሚስት፣ ከእሷ ቀጥሎ ያቺ በከዘራ የምትሄደው ባልቴት፣ ከእሷም ቀጥሎ ሌሎች፣ ከበሩ እስከ መሠዊያው ድረስ። የሐሩባ ሴቶች ፎቶ ሊነሱ የተሰለፉ ይመስል ግድግዳው ላይ ተለጥፈው ቆመዋል፤ አንዷ ሌላዋን አታይም፣ ሁሉም ወደ ፊት ያያሉ።

«እናቶች፣ ፈቀቅ በሉልን» አለ ሽሙን።

ማንም ንቅንቅ አላለም።

አባ ሳልቭ መጡ። «ምን ሆናችሁ? ሠልፍ ነው?»

«ደክሞን ነው፣ አባ» አለች ጂጃ። «ትንሽ ደገፍ ብለን ነው።»

«ሁላችሁም በአንድ ጊዜ ደከማችሁ?»

«ዕድሜ ነው» አለች ባለ ከዘራዋ።

ቼንሳ ግራና ቀኟን በዓይኗ ጠርዝ አየች። የሆነ ነገር ውልብ አለባት። ግን መገመት አልፈለገችም፤ አንድ ነገር ብቻ ነው የታያት። ሽሙን ድንጋዩን ራሱ ነቅሎ ከሚያገኘው፣ ሰውም በየደጃፉ ከሚያማው፣ እሷው ብትናገር ይሻላል። ዊስቲን በሕይወቱ ስለራሱ ተናግሮ አያውቅም፤ ስለ እሱ መናገር ሁልጊዜም የእሷ ሥራ ነበር።

«በቃ!» ብላ ከግድግዳው ተላቀቀች። «እዩት! ዊስቲን ነው። ለእኔ ክርን ብሎ ነው የቆረጠው። ግድግዳውን በላ የተባለው እሱ ከሆነ በላ፤ እኔ ግን እዚህ ላይ ክንዴን አሳርፌ ስንት ዘመን ጸልያለሁ፣ ለናንተም ጸልያለሁ፣ ለማይገባችሁም ጭምር! አንድ ክፉ ቃል በባሌ ላይ የሚናገር ሰው ካለ አሁኑኑ ፊቴ ይናገር!»

ቀጥሎ ጂጃ ጉሮሮዋን ጠረገችና አንድ እርምጃ ወደ ፊት ሄደች። ከኋላዋ፣ በወገቧ ከፍታ፣ መቁጠሪያ የሚያስቀምጡባት ትንሽ መስኮት የመሰለች ቀዳዳ አለች።

«የእኔው ደግሞ፣ መቁጠሪያዬ ሁልጊዜ ስለሚጠፋብኝ...» አለች።

«አንቺ!» አለች ቼንሳ። «ይሄን ሁሉ ዘመን ከጎኔ ተቀምጠሽ?»

«አንቺስ ትራስ ለቅዝቃዜ ነው አላልሽኝም?»

የወፍጮ ቤቷ ሴት ፈቀቅ አለች፤ የእሷ ዝቅ ብሎ፣ የእግር ማሳረፊያ ነው። ባለ ከዘራዋ ፈቀቅ አለች፤ የከዘራ ማቆሚያ። ሌላዋ ለመነጽር። ሌላዋ ከእናቷ የወረሰችው፣ ለምን እንደተቆረጠ እንኳ የማታውቀው። ግድግዳው ከበር እስከ መሠዊያ ተቦርብሯል። የሐሩባ ጠራቢዎች ከአያት እስከ ልጅ፣ ጥገና በመጣ ቁጥር፣ አንዱ ከሌላው ተደብቆ፣ እያንዳንዱ እኔ ብቻ ነኝ ብሎ ለሚስቱ ወይ ለልጁ ትንሽ ትንሽ ቆርሷል።

በሩ ላይ የቆሙት ወንዶች ሁሉ ጣሪያውን ያዩ ነበር።

መጀመሪያ የሳቀው ሽሙን ነው። «አባ፣ መሐንዲሱ አንድ ነገር በልቶታል ያለው እኛን ነው! ይህ ግድግዳ እስከ ዛሬ የቆመው በቅዱስ እንድርያስ ተአምር ነው!» ከዚያ ሳቁ እንደ ጎርፍ ሆነ፤ ሴቶቹ እየተቃቀፉ፣ እየተሰዳደቡ፣ እንባቸውን እየጠረጉ ሳቁ።

አባ ሳልቭ ግን አልሳቁም። ወደ ግድግዳው ጫፍ ሄደው፣ እናታቸው በሕይወት ሳሉ ይቀመጡበት የነበረው ቦታ ላይ ጎንበስ አሉ። እዚያ መሬት አጠገብ፣ ሕፃን ልጅ የሚያስቀምጥ እርከን አለ። እጃቸውን አሳረፉበት።

«እኔ እዚህ ላይ ተቀምጬ ነው ያደግሁት» አሉ። «ከመጀመሪያውም የነበረ ነው የመሰለኝ። ለልጆች ተብሎ የተሠራ።» አባታቸው ጠራቢ እንደነበሩ የማያውቅ አልነበረም።

ቀና ሲሉ ዓይናቸው ቀልቷል። «እያንዳንዳችሁ የራሳችሁን ድንጋይ መውሰድ ትችላላችሁ» አሉ።

ሽሙን የቼንሳን ድንጋይ በገዛ እጁ ነቀለው፤ አንድም ጠርዙ ሳይላጥ። ተሸክሞ ፊቷ አቆመላት። «እትዬ ቼንሳ፣ እቤት ላድርስልሽ? ከመስኮቱ ሥር እገጥምልሻለሁ፣ በጋሽ ዊስቲን ፈንታ።»

ቼንሳ ድንጋዩን አየችው። ብርሃን ላይ ሲታይ ትንሽ ነው። ክርኗ ለዓመታት የፈተገው ቦታ ያብረቀርቃል። የዊስቲን የመሮ መስመሮች ደግሞ ጥግ ጥጉ ላይ አሁንም አሉ።

«እቤት ምን ያደርግልኛል?» አለች። «እቤት ጠረጴዛ አለኝ።»

እቤት ወስዳው ጠዋት ማታ ብታየው ተራ ድንጋይ ይሆናል፤ ይህን ታውቃለች። ዊስቲን የቆረጠው ለቤት አይደለም። ለእሁድ ነው የቆረጠው። ስለዚህ ሽሙን በአዲሱ ቤተ ክርስቲያን በደቡብ በኩል፣ ወንበሯ በሚቀመጥበት ቦታ፣ ከወለሉ በታች ቀበረው። ጎድጓዳውን ወደ ላይ አደረገ፤ ቼንሳም ጥቁሯን ትራስ ውስጡ አኖረች፣ በመዳፏም ጠቅ ጠቅ አደረገቻት። ከላይ የንጣፉ ድንጋይ መጣ። ሌሎቹ ሴቶች ድንጋያቸውን ወደየቤታቸው ወሰዱ፤ ጂጃ የአበባ ማሰሮ አደረገችበት።

በአዲሱ ቤተ ክርስቲያን የመጀመሪያ እሁድ አባ ሳልቭ ከስብከታቸው መጨረሻ ላይ ጣታቸውን ቀስረው፣ «ሌላም አለ! በዚህ ግድግዳ ላይ መሮ ያሳረፈ ሰው፣ ለማንም ብሎ ይሁን፣ ከእኔ ጋር ነው ጉዳዩ!» አሉ። ከሁሉም በላይ ራሷን የነቀነቀችው ቼንሳ ናት። ጉልላቱ ከላይ ሰማይ ሆኖ ተዘርግቷል፤ ብርሃን እንደ ውሃ ይፈሳል፤ ከቲና ይበልጣል፣ በብዙ ይበልጣል። ደስ አላት፣ እውነትም ደስ አላት። ወንጌሉ ሲጀመር ግን ክንዷ እንደ ልማዱ ወደ ጎን ሄደ፤ ግድግዳው ልሙጥና ሙሉ ነበር፤ ክርኗ ተንሸራቶ ጭኗ ላይ ወደቀ። ጂጃ አየቻት። ምንም ሳትል ጠጋ አለችና ትከሻዋን ሰጠቻት።

እንዲህ እንዲህ እያለ ክረምት አልፎ በጋ ሆነ። ቼንሳ እሁድ በመጣ ቁጥር ክርኗን ትገሥጸዋለች፣ ክርኗም እሁድ በመጣ ቁጥር ይረሳል። ለምዳለች ትል ነበር፤ አልለመደችም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ሰው ሁሉ ሙቀቱን ሸሽቶ ቤቱ በተኛበት ሰዓት፣ የቅድስት አጋታን አበባ ልትቀይር ገባች። ከውጭው ብርሃን ስትገባ መጀመሪያ ምንም አልታያትም። ድምፅ ግን ሰማች፤ ትንሽ፣ የሚቆጠብ፣ አይጥ የምትቆረጥመው የመሰለ። ያን ድምፅ ከሌላ ድምፅ ጋር አትስተውም፤ አብራው ነው የኖረችው። የመሮ ድምፅ ነው።

ግድግዳው ሥር ሌሊ ተንበርክኳል። የሽሙን ግንበኛ ነው፤ በጸደይ ወራት ከወፍጮ ቤቷ ሴት ልጅ ጋር የተጋባ፣ ሠርጉ ላይ እንኳ ሦስት ቃል ያልወጣው ዝምተኛ። ሚስቱ ዳንቴል ሠሪ ናት። ከጎኑ ኮቱን አንጥፏል፣ ዱቄቱ መሬት እንዳይነካ። ጥላዋ ሲያርፍበት ዘሎ ተነሳ፣ መሮውን ከኋላው ደበቀ።

«እትዬ ቼንሳ... እኔ... ድንጋዩ ጎድሎ ነበር...»

ቼንሳ አየችው። ግድግዳው ላይ ያለውን ጅምር አየች። ጆሮው ድረስ ቀልቷል፤ አሁን ደግሞ፣ የሚይዘው ቢያጣ፣ ቀስ ብሎ ዓይኑን ወደ ጉልላቱ አነሳ።

ቼንሳን ለአንድ አፍታ ምላሷ እምቢ አላት፤ በሐሩባ ታሪክ ተጽፎ መቀመጥ የነበረበት ነገር ነው። ከዚያ አበባውን መሬት አስቀመጠች፣ ፊቷን ወደ በሩ አዞረች፣ ወገቧን ይዛ ጀርባዋን ለእሱ ሰጥታ ቆመች፤ መከናነቢያዋንም በሁለት እጇ ዘረጋችው፣ ከበር የሚገባ ሰው እንዳያይ።

«ከፍ አደረግኸው» አለች ሳትዞር። «ልጅቱ አጭር ናት። ዝቅ አድርገው።»